አምስት መቶ መስኮቶችና አንድ ቀነ ገደብ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

በየቤታችሁ ያላችሁ፣ በሱቅና በታክሲ ውስጥ የምታዳምጡን፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የምትከታተሉን ተማሪዎችና መምህራን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወስደናል። የምንነጋገረው ኢኩዋል ኤጁኬሽን ስለሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያደራጀ መንግሥትን በትምህርት ጉዳይ የሚሞግት ማኅበር ነው። ብዕርና ወረቀት ያዝ ብታደርጉ ጥሩ ነው፤ ቁጥር ይበዛበታል። ዓመቶቹንና ወሮቹንም፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ከኬፕታውን መሀል ራቅ ብሎ፣ አሸዋማ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ካዬሊትሻ የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈር ስላችሁ ጥቂት ጎጆዎች እንዳይመስሏችሁ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርበታል። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ከከተማው አርቆ ለማስፈር በ1980ዎቹ የቆረቆረው ነው። እዚያ ሉላዛ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በ2008 በዚህ ትምህርት ቤት 500 ያህል መስኮቶች ተሰብረው ነበር። አምስት መቶ! አንድ ሁለት መስኮት ቢሰበር ካርቶን ይለጠፍበትና ይታለፋል። አምስት መቶ ሲሆን ግን የኬፕታውን ክረምት፣ ዝናቡም ንፋሱም፣ ከተማሪው ጋር ክፍል ገብቶ ይቀመጣል።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ካዬሊትሻ ውስጥ ተሰባስበው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ መጠየቅ ጀምረው ነበር። ከኢኩዋል ኤጁኬሽን መሥራቾች አንዱ ዛኪ አክማት ነው። ይህ ሰው ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን የተባለውን የኤችአይቪ ታማሚዎች ንቅናቄ በ1998 ከመሠረቱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ያ ንቅናቄ በ2002 መንግሥትን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶ፣ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለው መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች እንዲሰጥ አስፈርዷል። ሌላዋ መሥራች ዮሊስዋ ድዋኔ ከምሥራቃዊ ኬፕ፣ ዲምባዛ ከምትባል ከተማ የመጣች የሕግ ምሩቅ ነበረች። ኋላ ሊቀ መንበር ሆና ድርጅቱን ለዓመታት መርታለች፤ በ2022 በካንሰር ሕመም አርፋለች።

ለተማሪዎቹ ካሜራ ሰጧቸው። ትምህርት ቤታችሁን ራሳችሁ አንሱት፣ የሚያስቸግራችሁን ነገር አሳዩን አሏቸው። ከመጡት ፎቶግራፎች አንዱ የሉላዛን መስኮቶች ያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሰልፍ ወጡ፣ ጋዜጦች ጉዳዩን አነሱት። የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም መስኮቶቹን አደሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና አንድ ነገር እንጠይቅ። ለምን ከመስኮት ጀመሩ? በዚያ ሰፈር ስንትና ስንት ችግር ነበረ። ተማሪዎቹ ጥራት ያለው ትምህርት ይሰጠን ብለው ቢጮኹ አንድ ባለሥልጣን ወጥቶ፣ እኛም የምንመኘው ይህንኑ ነው፣ አብረን እንሠራለን ይላቸዋል፤ ሻይ ተጋብዘው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሸኛሉ። መስኮት ግን ይቆጠራል። ወይ ገብቷል ወይ አልገባም። ባለሥልጣኑ በሚቀጥለው ወር ሲመጣ 500ው ስንት ደረሰ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። እኔ የዚህን ድርጅት የዓመታት ሥራ ስመለከት ዋናው ብልሃታቸው ይህ ይመስለኛል፤ የሚቆጠር ነገር መጠየቅ፣ ቀጥሎም መቼ የሚለውን መጠየቅ። የቀረው ታሪካቸው ሁሉ የዚሁ ብልሃት መስፋትና መፈተን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች እንዲህ የሆኑት በድንገት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ጥቁር ልጅ የሚማረው ለጉልበት ሥራ እስከሚበቃው ብቻ እንዲሆን ታስቦ የተረቀቀ ነው። በ1975 እና 76 በጀት ዓመት መንግሥት ለአንድ ነጭ ተማሪ 644 ራንድ ሲያወጣ ለአንድ ጥቁር አፍሪካዊ ተማሪ ያወጣ የነበረው 42 ራንድ ነው። አካፍሉት፤ ከ15 እጥፍ ይበልጣል። በዚያው በ1976፣ ሰኔ 16 ቀን፣ በእኛ ሰኔ 9 ማለት ነው፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ ተገደን አንማርም ብለው አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1991 ያን ቀን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ብሎ ሰየመው። በየዓመቱ ሰኔ 9 በትምህርት ቤቶቻችን ግጥም የሚነበብበት፣ ድራማ የሚታይበት በዓል ከዚያ የመጣ ነው። የሚያከብሩት ልጆች ሁሉ መነሻውን ያውቁት እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

አፓርታይድ በ1994 ወደቀ፤ ሕገ መንግሥቱ በ1996 ጸደቀ። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት መብት አለው ይላል። ይህ አንቀጽ ለየት የሚልበት ነገር አለ። በዚያው ሕገ መንግሥት ስለ መኖሪያ ቤት ወይም ስለ ጤና ሲነገር መንግሥት እንደ አቅሙ፣ ደረጃ በደረጃ ያሟላል የሚል ሐረግ ይከተላል። ለመሠረታዊ ትምህርት ግን ያ ሐረግ አልተጨመረም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2011 በሰጠው ፍርድ ይህ መብት አሁኑኑ የሚጠየቅ እንጂ ቀስ በቀስ የሚሟላ አለመሆኑን አረጋግጧል። መሠረታዊ ሲባል አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋምና፣ ያው ፍርድ ቤት በ2020 መጨረሻ ላይ ሌላ ጉዳይ ሲያይ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርትም በዚሁ መብት ውስጥ ይገባል ሲል ወሰነ። ጉዳዩን ያመጣው የማትሪክ ፈተና እንዳይፈተን ከትምህርት ቤት በር የተመለሰ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አዎ፣ እነሱም ማትሪክ ነው የሚሉት።

እንግዲህ መብቱ በወረቀት ላይ ከተጻፈ ከ12 ዓመት በኋላ ነው ካዬሊትሻ ውስጥ 500 መስኮት ተሰብሮ የተገኘው።

ከመስኮቱ በኋላ ወደ መጻሕፍት ሄዱ። በ2009 የጀመሩት ዘመቻ ጥያቄው አጭር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ቤተ መጻሕፍትና አንድ ባለሙያ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት የነበራቸው ከ100 ስምንት እንኳ አይሞሉም። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ኬፕታውን ውስጥ ሰልፍ ወጡ። በ2010 ደግሞ አባላቱና ደጋፊዎቻቸው ለ24 ሰዓት ጾሙ። ጾም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ ሲጾም ግን እኔ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። ከዚሁ ዘመቻ ጎን መጻሕፍት እየሰበሰበ፣ እየለየና እየመዘገበ ለትምህርት ቤቶች የሚያደርስ ቡከሪ የተባለ ተቋም ኬፕታውን ውስጥ ተቋቋመ። ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም በልገሳ ስንት ትምህርት ቤት መድረስ ይቻላል? በዚያን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ ከ24 ሺህ በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሕግ ዞረ። አሁን የነገሩ እምብርት ላይ ደርሰናልና ጆሯችሁን ስጡኝ።

በ2007 የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ቤቶች ሕግ ሲሻሻል አንድ አንቀጽ ተጨምሮበት ነበር። የትምህርት ሚኒስትሩ አንድ ትምህርት ቤት ቢያንስ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ደንብ አውጥቶ ሊወስን ይችላል የሚል ነው። ስንት ክፍል፣ ምን ዓይነት ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራ፣ አጥር፤ ይህ ሁሉ በዝርዝር። ሕጉ ሥልጣኑን ሰጠ እንጂ ግዴታ አልጣለም። ዓመታት አለፉ፤ ደንቡ አልወጣም። ሚኒስትሯ አንጂ ሞትሼጋ የመመሪያ መልክ ያለው ሰነድ እናወጣለን ይሉ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። መመሪያውን ያልፈጸመ ባለሥልጣን ወቀሳ ይደርስበታል፤ ደንቡን ያልፈጸመ ግን ይከሰሳል።

በ2011 ራሱ መንግሥት ያወጣው የትምህርት ቤቶች መሠረተ ልማት ቆጠራ ይህን ይላል። በጠቅላላው 24,793 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። ከእነዚህ 3,544ቱ መብራት የላቸውም። 2,402ቱ ውኃ የላቸውም። 913ቱ ምንም ዓይነት ሽንት ቤት የላቸውም፤ 11,450 የሚሆኑት የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው የሚጠቀሙት። ዕቃው የተሟላ ቤተ ሙከራ ያላቸው ከ100 አምስት ብቻ ናቸው። የ11ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መምህር ሆናችሁ አስቡት፤ አሲድና ቤዝን በጠመኔ ሥላችሁ ነው የምታስተምሩት። ብዙዎቻችሁ ማሰብ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወደ ኬፕታውን ፓርላማ ሲሄዱ ሰልፈኛው 20 ሺህ ያህል ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ። በ2012 ደግሞ ሚኒስትሯን ከሰሱ። ክሱ የቀረበው በምሥራቃዊ ኬፕ ቢሾ በምትባል ከተማ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከድርጅቱ ጋር ከሳሽ የሆኑት በዚያው ክፍለ ሀገር ገጠር ያሉ የሁለት ትምህርት ቤቶች ኮሚቴዎች ናቸው። ለምን እዚያ ብትሉ፣ በጭቃ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች የሚበዙት እዚያ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ ሌሎች የሕግ ድርጅቶች ለሰባት የጭቃ ትምህርት ቤቶች ተሟግተው፣ በ2011 መንግሥት ከ8 ቢሊዮን ራንድ በላይ እንዲመድብ አድርገው ነበር። ይህ ሳይነገር ቢቀር ምስጋናው ሁሉ ለአንድ ድርጅት ይሄዳል፤ ልክ አይሆንም።

ችሎቱ በኅዳር ሊሰየም ቀናት ሲቀሩት ሚኒስትሯ ተስማሙ። እስከ ግንቦት 15 ቀን 2013 ደንቡን አወጣለሁ ብለው ፈረሙ። በጥር ረቂቁ ወጣ፤ ጥቂት ገጽ ነው። በቂ ክፍል፣ በቂ ውኃ፣ ተስማሚ ሽንት ቤት ይላል። በቂ ማለት ስንት ነው? በማን ዐይን ነው ተስማሚ? ቀነ ገደብም አልነበረውም። ተማሪዎቹ ሳቁበት ለማለት እደፍር ነበር፤ እነሱ ግን በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ወላጆችን ሰብስበው የተማሪውን፣ የመምህሩን፣ የመንደሩን አስተያየት በጽሑፍ አስገቡበት።

ግንቦት 15 መጣ፤ ደንቡ አልመጣም። ሚኒስትሯ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቁ። ተማሪዎቹ ሰኔ ላይ እንደገና ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ ሚኒስቴሩ መግለጫ አወጣ፤ ነጭ ጎልማሶች ጥቁር ልጆችን በግማሽ እውነት እያነሣሡ ነው የሚል ይዘት ነበረው። ከድርጅቱ መሪዎች መካከል ነጮች እንደነበሩ እውነት ነው። ገንዘቡም ቢሆን በርከት ያለው ይመጣ የነበረው እንደ አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ እና እንደ በርታ ፋውንዴሽን ካሉ ለጋሾች ነው። ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንድ ማኅበር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ መቆጣት የለበትም። ነገር ግን የሉላዛን መስኮት ፎቶ ያነሣችው ልጅ ጥቁር ናት፤ ሽንት ቤቱንም የሚጠቀመው የሰፈሩ ልጅ ነው። መግለጫው ለጥያቄው መልስ አልነበረም። ፍርድ ቤቱም የመጨረሻ ቀን ቆረጠ፤ እስከ ኅዳር 30። ደንቡ ኅዳር 29 ቀን 2013 ወጣ። አንድ ቀን ሲቀረው! እንደ አንዳንድ ተማሪዎች የቤት ሥራ።

(አጭር ሙዚቃ)

ደንቡ ምን አለ? ሙሉ በሙሉ በጭቃ፣ በቆርቆሮ፣ በእንጨት ወይም በአስቤስቶስ የተሠሩ ትምህርት ቤቶች በሦስት ዓመት ውስጥ ይተኩ አለ። ጨርሶ ውኃ፣ መብራት ወይም ሽንት ቤት የሌላቸው በዚያው በሦስት ዓመት ይሟላላቸው። የጉድጓድ ሽንት ቤት በትምህርት ቤት ክልክል ነው። የክፍል ብዛት፣ አጥርና ኢንተርኔት እስከ 2020፤ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ እስከ 2023፤ የቀረው እስከ 2030። በአንድ ክፍል ከ40 ተማሪ በላይ እንዳይቀመጥም ተጻፈ።

ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። እነዚህ ቀኖች የሚሠሩት ገንዘብ እስከተገኘ፣ ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም እስከተባበሩ ድረስ ነው የሚል ሐረግ ገብቶበታል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ያሳለፈ ባለሥልጣን ምክንያት አያጣም። እንደተፈራውም የመጀመሪያው ገደብ ኅዳር 2016 ሲደርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደነበሩ ነበሩ።

በዚህ መሀል ሌላ ነገር ደረሰ። በጥር 2014 ሊምፖፖ ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤት በገባ በቀናት ውስጥ፣ የጉድጓድ ሽንት ቤት ተደርምሶበት ሞተ። በመጋቢት 2018 ምሥራቃዊ ኬፕ ውስጥ ሌላ የአምስት ዓመት ሕፃን እንዲሁ ሆነች። ቅድም 11,450 ብዬ ያነበብኩላችሁ ቁጥር ውስጥ የነበሩት ጉድጓዶች እንዲህ ያሉ ናቸው። ሁለተኛዋ ሕፃን በሞተች በአራት ወሯ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2018፣ የቢሾው ፍርድ ቤት ያን ሐረግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሰረዘው። ከፊሉ ብቻ በጭቃ የተሠራ ትምህርት ቤትም በደንቡ እንዲሸፈን አደረገ። ሚኒስትሯ ይግባኝ ጠየቁ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አልተቀበለም።

አሁን ከፍርድ ቤት እንውጣና ወደ ተማሪዎቹ እንመለስ። ምክንያቱም ጠበቃ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያደርገው አይችልም ነበር። የድርጅቱ ተማሪ አባላት ኢኩዋላይዘር ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። በየሳምንቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቡድን ይሰበሰባሉ። የሚመሯቸው ወጣቶች ብዙ ጊዜ እነሱው ከነበሩበት ያደጉ የቀድሞ አባላት ናቸው። የሚማሩት የመፈክር አጻጻፍ አይደለም። የአገራቸውን ታሪክ ይማራሉ፤ ሕገ መንግሥቱን ያነባሉ፤ የመንግሥት በጀት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ገንዘቡ ከማዕከል ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚወርድ ያጠናሉ። ከዚያም ይቆጥራሉ።

ስለ መቁጠሩ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጆሃንስበርግ አጠገብ ቴምቢሳ በምትባል ሰፈር ተማሪዎች ስለ ሽንት ቤት ማጉረምረም ጀመሩ። ድርጅቱ ጉዳዩን ወደ ክፍለ ሀገሩ አሰፋው፤ ተማሪዎችና ወላጆች መጠይቅ ይዘው ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ስንት መቀመጫ አለ፣ ስንቱ ይሠራል፣ ስንት ተማሪ ይጠቀምበታል፣ ቧንቧው ውኃ ያወርዳል ወይ፣ ሳሙና አለ ወይ፣ ወረቀት አለ ወይ፣ በሩ ይቆለፋል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ለሴት ተማሪዎች ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ለመቶ ተማሪና ከዚያ በላይ አንድ የሚሠራ ሽንት ቤት ሆኖ ተገኘ። ተማሪ በየዓመቱ ይፈተናል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤቱን ራሱን ፈተኑት፣ ውጤቱንም ለጠፉለት።

በክዋዙሉ ናታል ንኩቱ በምትባል ወረዳ ያሉት ተማሪዎች ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። ኮረብታ ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው ነው የሚሄዱት። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት መንገድ ነው። ድርጅቱ ለዓመታት ተከራክሮ በ2017 ለ12 ትምህርት ቤቶች የተማሪ ማመላለሻ እንዲመደብ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አገኘ።

በ2020 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ የተማሪዎች ምገባም አብሮ ቆመ። ከ9 ሚሊዮን በላይ ልጆች በቀን አንዴ በትምህርት ቤት የሚያገኙት ምግብ ማለት ነው። ትምህርት በከፊል ሲከፈት ምገባው ለሁሉም አልተመለሰም። ኢኩዋል ኤጁኬሽን ሊምፖፖ ውስጥ ካሉ የሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአስተዳደር ቦርዶች ጋር ሆኖ ከሰሰ፤ በሐምሌ ወር ዳኛ ሱሌት ፖተሪል ልጁ ትምህርት ቤት ሄደም አልሄደም ምገባው እንዲቀጥል፣ ሚኒስቴሩም በየጊዜው ለፍርድ ቤቱ ሪፖርት እንዲያቀርብ አዘዙ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ምስጋና መሰለ። ድርጅቱ ግን ጉድለት አለበት፤ የሚተቹትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ2018 በቀድሞ መሪዎቹ ላይ የጾታ ትንኮሳ ክስ ተነሣ፤ አንዳንዶቹ ለቀቁ፣ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ፣ የጉባኤው አባላት ራሳቸው በአንድ ድምፅ መስማማት አቃታቸው። ስለ ልጆች ደኅንነት የሚሟገት ማኅበር በራሱ ግቢ ውስጥ ያለውን ሥልጣን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ትችት የሥራው ዓይነት ላይ ነው። መስኮትና ሽንት ቤት ሒሳብ አያስተምሩም የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። በደቡብ አፍሪካ ማትሪክ ለማለፍ በአንዳንድ የትምህርት ዓይነቶች 30 በመቶ ማምጣት ይበቃል፤ ይህ በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ አገር የሚያነጋግር ጉዳይ ነው። መምህሩ ክፍል ገባ ወይ፣ ሲገባስ የሚያስተምረውን ያውቀዋል ወይ የሚለውን መቁጠር መስኮት እንደመቁጠር አይቀልም። የሚቆጠረውን የመጠየቅ ብልሃት ድንበሩ እዚህ ጋ ነው። ያልተቆጠረውም ያልተጠየቀ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል። በበኩሌ ግን የመምህሩን ጥራት ለማሻሻል ሲባል ልጅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ መከላከልን ለነገ እናቆየው የሚል ሰው ካለ፣ ልጁን እዚያ ትምህርት ቤት አስገብቶ ይንገረኝ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘውስ ምንድን ነው ብትሉ፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የሄዱ ብዙ ወንድሞቻችን በእነዚሁ የደቡብ አፍሪካ ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ። እዚያ የተወለዱላቸው ልጆችም ይህን መሰሉን ትምህርት ቤት ያውቁታል። እዚህ አገር ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው ሲባል ስንት ወር አወራንበት! ተማሪው ሰነፈ፣ መምህሩ ተዳከመ፣ ወላጁ ቸል አለ ተባለ። እነዚያ ተማሪዎች የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ስንት ቤተ ሙከራ ነበራቸው የሚለውን ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ልመለስና ጉዳዩ ያለበትን ልንገራችሁ። በ2024፣ ሚኒስትር ሞትሼጋ ከትምህርት ሚኒስቴር ሊሰናበቱ ሳምንታት ሲቀሩ፣ ያ ደንብ ተሻሻለ። በማሻሻያው እነዚያ ሁሉ ቀነ ገደቦች ወጡ። 2016ም፣ 2020ም፣ 2023ም፣ 2030ም የሉም። መሥፈርቶቹ አሉ፤ መቼ የሚለው ግን የለም። ኢኩዋል ኤጁኬሽን ማሻሻያውን ተቃውሟል፤ የተቃወመበት ምክንያትም በ2013 ያንን ጥቂት ገጽ ረቂቅ የተቃወመበት ራሱ ነው። እሳቸውን የተኩት ሚኒስትር ሲቪዌ ግዋሩቤ በሚያዝያ 2025 በሰጡት መግለጫ በ2018 ከተመዘገቡት የጉድጓድ ሽንት ቤቶች 96 በመቶው ተወግደዋል ብለዋል። ትልቅ ሥራ ነው። የ2018 መዝገብ ውስጥ ሳይገባ የቀረ ትምህርት ቤት ካለ ግን በዚያ 96 በመቶ ውስጥም ሆነ በቀረው አራት ውስጥ አይቆጠርም፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ መጠይቅ ይዞ በየመንደሩ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል።

ለዛሬ የያዝነው ይህ ነበር። በትምህርት ቤት ክበባት የምታዳምጡን ተማሪዎች አስተያየታችሁን በተለመደው አድራሻችን ላኩልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)